የጋሽ ይስማው ፔርሙዝ

አንድ ነገር እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው ጎረቤት ሆኖባችሁ ያውቃል? ሲጋራ ይሁን፣ ጠጅ ይሁን፣ ጮማ ይሁን። እኔ በዕድሜዬ እንዳየሁት፣ ስለ አንድ ነገር ከሚወደው ሰው ይልቅ የተወው ሰው አብዝቶ ያወራል። ጠጪ ጠጥቶ ይተኛል። መጠጥ የተወ ሰው ግን ራሱም አይተኛ፣ እናንተንም አያስተኛ። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ቡና የተወ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ሳይታደል አልቀረም። ለእኛ ለወልድያዎቹ የደረሱን ክቡር አቶ ይስማው ነበሩ፤ የመዝገብ ቤት ሹም፣ የቡና ባላጋራ፣ የለውዝ፣ የሰሊጥ፣ የሱፍና የተልባ ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር። እኛ ጋሽ ይስማው እንላቸዋለን። የመርሳ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከኮታቸው ኪስ የታመሰ ጥራጥሬ የማይጠፋ።

እኔ ተመድቤ ወልድያ የገባሁት በ1974 ዓ.ም ነው። በመጀመሪያው ቀን የምደባ ደብዳቤዬን ሊያስቀምጡ ሲቀበሉኝ፣

«የት አገር ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«ጅማ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ ቀስ ብለው አዩኝ። የታመመ ሰው ሊጠይቅ የመጣ ሰው ነው እንደዚያ የሚያየው። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አብሽር፣ ገና ወጣት ነህ፤ ይወጣልሃል» አሉኝ። ሊያወጡልኝ ያሰቡት ቡናውን መሆኑ የገባኝ አራት ሰዓት ላይ፣ ሙቀጫው መወቀጥ ሲጀምር ነው።

አዎ፣ ሙቀጫ። በመዝገብ ቤቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ሙቀጫ፣ ዘነዘና፣ የላምባ ምድጃ፣ ሻሽ ጨርቅና አበባ የተሳለበት የቻይና ፔርሙዝ ነበራቸው። ያን ሁሉ ወረቀት እሳት አለመብላቱ ዛሬም ይገርመኛል። አዲስ የመጣ ሥራ አስኪያጅ ዱም ዱም ሲል ሰምቶ «ቤቱን የሚያድሰው ማን ፈቅዶለት ነው?» ብሎ በቁጣ ወጥቶ ነበር ይባላል። ሲመለስ ግን ብርጭቆ ይዞ ነበር።

አሠራራቸውን ሳልነግራችሁ ብቀር ይቀየሙኛል። «ለውዝ መታመስ እንጂ መቆላት የለበትም» ነው የመጀመሪያው ሕግ። ለብ ለብ አድርገው ያምሱና በመዳፋቸው አሽተው ቀይ ልጣጩን እፍ ይሉታል። ልጣጩ የሚያርፈው እንግዲህ መዝገብ ላይ ነው፤ ከወልድያ የሄደ ደብዳቤ ደሴ ላይ ሲከፈት የለውዝ ልጣጭ ይረግፍበታል እየተባለ እንታማ ነበር። ቀጥሎ ለውዙን ከታጠበ ነጭ ሰሊጥ ጋር ዘይቱ እስኪወጣ መውቀጥ፣ በሙቅ ውሃ መበጥበጥ፣ በሻሽ ማጥለል፣ ከዚያ ቁራጭ ዝንጅብልና ቆንጠር ያለ ጨው ጨምሮ በዝግታ እሳት ማማሰል። አንድ ጊዜ ብቻ ገንፈል ሲል ማውረድ። ጥቂት ሲያርፍ እንደ ላም ወተት ከላዩ ስልባቦት ይጥላል። ስልባቦት ያልጣለ እንደሆነ ጋሽ ይስማው ሙሉውን ወስደው የግቢውን ጎመን ያጠጡታል።

እውነቱን ለመናገር ይጥም ነበር። ወፍራም፣ ትኩስ፣ ሆድ የሚያሞቅ ነገር ነው። ችግሩ አብሮት የሚመጣው ስብከት ነው።

ስብከታቸው ሁሉ የተቀዳው ከአንዲት ቁራጭ ጋዜጣ ነው። አንድ ቀን ስኳር የተጠቀለለባት ጋዜጣ ላይ «በቡናና በሻይ ውስጥ የሚገኘው ካፌይን በሰው ልጅ ላይ የሚያስከትለው» የሚል ነገር ያነባሉ። ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል። የቀረውን ራሳቸው ሞሉት፤ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምሩበታል። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ካፌይን ልብ ያደርቃል፣ ነርቭ ያላላል፣ ጥርስ ይነቅላል፣ ወዳጅ ከወዳጅ ያቀያይማል። «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!» ነው ማሰሪያው። ቁራጯን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሲያሳዩ አይቻለሁ።

ለእያንዳንዳችን መድኃኒት አዘዋል። እንቅልፍ ላጣ ሱፍ፣ ወገቡን ላመመው ሰሊጥ። ታይፒስታችን ሮማን ፊደል መግደፍ ስታበዛ ጠዋትና ማታ ለውዝ አዘዙላት። ሾፌሩን አለሙን የሆድ ድርቀት ይዞት ትኩስ ተልባ በማር አጠጥተው መርሳ ላኩት። እንደ ነገረን ከሆነ ከወልድያ መርሳ አምስት ጊዜ መኪናውን አቁሞ ወርዷል፤ አምስተኛው ላይ የመኪናውን በር መዝጋትም አልደረሰም። ጋሽ ይስማው ይህን ሲሰሙ በኩራት «አየህ? ሠራልህ!» አሉት።

የመርሳ ገበያ ዕለት ደግሞ ማንም አይዛቸውም። የአለሙን መኪና ተሳፍረው ሄደው ከሰሊጥ ጆንያ ወደ ሰሊጥ ጆንያ ይዞራሉ፤ ያሻሉ፣ ያሸታሉ፣ ይቆረጥማሉ፣ ይተፋሉ። ሰሊጥ ሻጯ ፋንቱ አንድ ቀን እኔ ባለሁበት «ያ ጋሽ ይስማው፣ ሰላምታዎን በአፍዎ ይጨርሱልኛ፤ እጅዎን ከጆንያዬ ያውጡት በአላህ!» አለቻቸው። እሳቸው ሲኮሩ! የሚታወቁ ባለሙያ በመሆናቸው ነው።

አብዮቱንም አልማሩትም። በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበረብን። አንድ ቀን ካድሬው ቡና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስለሆነ የቤት ፍጆታችንን መቀነስ አለብን ብሎ ሲያስረዳ ጋሽ ይስማው እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ እኔ የድርሻዬን ቡና ለአገሬ ካስረከብኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል!» ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ጭብጨባው ሲያበቃ ስለ ተልባ ጀመሩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ካድሬው ራሱ «ውይይቱ እዚህ ላይ ይብቃ» ብሎ ሸሸ።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

በሁለተኛው ዓመት ወርቅዬ የምትባል አስተማሪ ወደድኩ፤ እሷም ወደደችኝ። አባቷ አቶ ፈንታው ከወልድያ በላይ፣ ጉባ ላፍቶ ደጋው ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሑዳዴ ሲገባ ወርቅዬ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኮ ኖሯል፤ አባቷም ለሆሳዕና መልስ እሰጣለሁ ብለዋል።

«አባቴ አንዴ እሺ ካለ ቃሉን አያጥፍም» አለችኝ። «ከሆሳዕና በፊት ካልላክህ እርሳኝ።»

የእኔ ዘመዶች ጅማ ናቸው። ደብዳቤ ደርሷቸው፣ ተመካክረው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው እስኪመጡ ፋሲካም ያልፋል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ሽማግሌ መረጥኩ። ሽበት ያለው፣ አንደበቱ የተፈታ፣ የአገሩን ወግ የሚያውቅ ሰው ነበር የምፈልገው። በእኔው አፍ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ጋሽ ይስማውን ለመንኩ። አለሙና አንድ ጎረቤቴ ተጨመሩላቸው። በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽቅብ ወጡ፤ ፔርሙዙም አብሮ ወጣ።

ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድምና የሆነውን የነገረኝ አለሙ ነው። ሲመሽ ቤቴ ገብቶ ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት የገባ ነበር የሚመስለው።

«ነገሩ ሁሉ አምሮ ነበር» አለ። «ገብተን ቆምን። ተቀመጡ ተባልን። ጋሽ ይስማው ተናገሩ፤ አቤት ሲናገሩ! አቶ ፈንታው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ውቤም አሉ፣ ደስ ብሏቸዋል። ከዚያ ሴትዮዋ ቡና አቀረቡ።»

እዚህ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በዚያ ዘመን ቡና እንዲህ እንደ ዛሬው አልነበረም። ቡና ይዞ ኬላ ማለፍ ያስወርስ ነበር። ያቺን የሽማግሌ ቡና የወርቅዬ እናት እትዬ አልታየች ያገኟት ወንድማቸው ምስር ውስጥ ደብቆ አምጥቶላቸው ነው። መንደሩ የቡና ሽታ ካገኘ ወር አልፎት ነበር።

«ጋሽ ይስማው ሲኒውን መለሱት» አለ አለሙ። «መለሱት ብቻ ቢሆን! ‹እኔ እንኳ ቡና አይስማማኝም፤ ልብ ያደርቃል፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል› አሉ። ከዚያ ያን ፔርሙዝ ከፈቱት። ቀዱ። ነጭ! ስልባቦቱ ከላይ ሰፍፎ፣ ትኩስ እንፋሎቱ እየወጣ። መምሬ ውቤ ዓይናቸው ፈጠጠ። ጋሽ ይስማው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ብርጭቆውን ለመምሬ ዘረጉላቸው! ‹ይቅመሱት እንጂ አባቴ፣ ያበረታል› ብለው።»

በሑዳዴ፣ ለቄስ፣ ስልባቦት ያለበት ነጭ ነገር። ደገኛው ሱፍን ለፍትፍት ያውቀዋል፤ ለውዝን ግን ከቆላ ካልመጣ በስተቀር አያየውም፣ እንዲህ ፈልቶ ስልባቦት ሲጥል ደግሞ ጭራሽ አይቶት አያውቅም።

መምሬ ውቤ መስቀላቸውን አንስተው ቆሙ። «ወተት በሑዳዴ! እኔን ሊያስገድፉ ነው የመጡት?» አሉ። ጋሽ ይስማው ለማስረዳት አፋቸውን ቢከፍቱም የሚሰማቸው አልነበረም። አቶ ፈንታው አልጮኹም፤ ደገኛ በእንግዳ ላይ አይጮህም። «ፀሐይ ሳለ ውረዱ፤ መንገዱ ይመሽባችኋል» ብቻ አሉ። ከዚህ የባሰ እምቢታ በዚያ አገር የለም።

በማግሥቱ መዝገብ ቤት ገብቼ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ያልተናገርኩት ነገር አልነበረም። «ጋሽ ይስማው፣ አንዲት ሲኒ! አንዲት ሲኒ ለእኔ ብለው መጠጣት አቃተዎት? የሰው ትዳር ለአንድ ብርጭቆ ለውዝ?» አልኳቸው። እሳቸው መዝገባቸውን ዘጉ። አንድም መድኃኒት አላዘዙልኝም። ከዚያ ሦስት ቀን ከሥራ ቀሩ፤ ሙቀጫውም ዝም አለ። አፍረው ነው ብዬ እሰይ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በአራተኛው ቀን ገቡ። ጫማቸው የደጋ ጭቃ ነክቶታል።

«ከዳግም ትንሣኤ ቀጥሎ ላለው እሑድ ቆርጠዋል» አሉኝ መዝገብ እያገላበጡ።

«ምን?»

«ሠርጉን። ልብስህን ካሁኑ አሰፋ።»

«ምን አድርገው ነው?»

«አስረዳኋቸዋ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ዓይንህ ቀልቷል። እንቅልፍ የለህም። ሱፍ ያስፈልግሃል።»

ከዚህ በላይ አንድ ቃል አላወጡም። እኔም የዚያ አንደበት ኃይል ነው ብዬ ተውኩት፤ ተጋባን።

ነገሩን ያወቅሁት በዓመቱ፣ ወርቅዬ ወልዳ እትዬ አልታየች ሊያርሷት እኛ ቤት በሰነበቱ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሕፃኑን ታቅፈው እያወዛወዙ ሳለ፣ እኔ ስለ ጋሽ ይስማው አንድ የተለመደ ቀልድ አወራሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«በሰውየው አትቀልድ» አሉኝ። «ብቻቸውን፣ በእግራቸው ነው የመጡት። ሙቀጫ በጀርባቸው ተሸክመው። መምሬ ውቤ ፊት ተቀምጠው አመሱ፣ ወቀጡ፣ አጠለሉ፣ አፈሉ። ስልባቦቱ ዓይናችን እያየ ወጣ። መምሬም ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው ቀመሱና ‹እግዚአብሔር ይፍታዎ› አሏቸው። ደግመውም አስቀዱ።»

«ታዲያ በዚያው አለቀ?»

«የት ያልቃል! እኔ ነኝ እንጂ እምቢ ያልኩ። ‹የጾሙ ነገር ገብቶናል፤ ቡናዬን መናቅዎ ግን ከሆዴ አልወጣም› አልኳቸው። ሙቀጫቸውን ወደ ጎን አደረጉት። ከዚያ ‹ሸዋዬ የምትባል ሚስት ነበረችኝ› አሉ።»

እትዬ አልታየች ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሩት።

«ዘጠኝ ወር ነው አሉ ታማ የተኛችው። የቡና ሽታ ሲመጣባት ያስመልሳታል። እህልም አልወርድ ብሏት፣ እሳቸው የሚወቅጡላትን ለውዝና ሰሊጥ ብቻ ነው ጉሮሮዋ የሚቀበል። ቡናውን ከነጀበናው ለጎረቤት ሰጡ። ከዚያ ሞተችባቸው። ‹ለሷ ብዬ ከቤቴ ያወጣሁትን፣ እሷ የለችም ብዬ እንዴት ልመልሰው እትዬ አልታየች?› አሉኝ።»

አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚያች ቁራጭ ጋዜጣ ስንሳሳቅ፣ ጋሽ ይስማው ሚስት ነበረችዎ ወይ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ አንዲት ሲኒ አቃተዎት ወይ ብዬ በሰው ፊት የጮኽኩባቸው ነኝ።

«እኔም ሆዴ ባባ» አሉ እትዬ አልታየች። «‹በሉ እንግዲያስ ይቅርብዎ፣ ቂሜን ትቻለሁ› አልኳቸው። ‹የለም፣ ይቅዱልኝ› አሉ። ‹የመጣሁት ለልጄ ነው› አሉ። ከዚያች ከምስሩ ቡና የተረፈች ነበረችኝ፤ አፈላሁ። ሲኒውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ፣ በረካውንም ጠጡ። እንባቸው ይወርዳል፣ እሳቸው ይጠጣሉ። ፈንታው ያኔ ነው ተነስቶ ቀኑን የቆረጠው።»

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ «ስለዚህ ነዋ ልጅዎን የሰጡኝ» አልኳቸው።

እትዬ አልታየች በመገረም አዩኝ።

«ለአንተ? አንተንማ የት አውቄህ! መልክህንም ያየሁት በሠርግህ ዕለት ነው። ልጄን የሰጠሁት ለሳቸው ነው እንጂ።»