ሞላውን መቼ ቀየርከው?

በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ማኅበር አንድ ሰው አይጠፋም፤ ዕቃችሁ ሲበላሽ ከእናንተ ቀድሞ የሚያዝን፣ ሐዘኑን ሲጨርስም ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የእናንተ መሆኑን በትዕግሥት የሚያስረዳ። መኪናችሁ ቢቆም ዘይቱን ይጠይቃል። ጣሪያችሁ ቢያፈስ ቆርቆሮውን መቼ እንደቀባችሁ ይጠይቃል። ጥርሳችሁን ብትታመሙ የብሩሻችሁን ዕድሜ ይጠይቃል። ይህ ሰው መቼም ቢሆን የሚሞት አይመስልም፤ ቢሞትም የሬሳ ሳጥኑን ብሎን ማን እንዳጠበቀው ሳያጣራ መቃብር አይገባም።

የእኛው ክቡር ሚስተር ጋርኔት ፔንግሊ ይባላሉ። ፊት ለፊት «ጋር» ብዬ አንተ እላቸዋለሁ፤ እዚህ ደቡብ አውስትራሊያ ንጉሥም ቢመጣ ስሙን አሳጥረን ነው የምንጠራው። በጽሑፍ ግን አንቱ ካላልኳቸው እጄ ይያዛል። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ በእህል ጎተራ መካኒክነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ሬክስ እባላለሁ፤ እሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የተኮሱበት የሽጉጥ ክበብ ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን ዐሥራ ሦስት ናቸው። አንድ የቆርቆሮ መጠለያ፣ አንድ ደወልና አንድ ቀይ ባንዲራ አለን። በአንድ ወገን የገብስ ማሳ፣ በሌላው ባሕር ነው። ከማሳው አቧራ ይመጣል፣ ከባሕሩ ጨው ይመጣል፤ ሁለቱም ብረት ይበላሉ። ክቡርነታቸውን ለዚህ ቦታ የሰጠን አምላክ የሚያደርገውን ያውቃል።

ሽጉጣቸው አንድ ናት። ተኩሳ ቀለሁን ራሷ የምትተፋ፣ ቀጣዩን ጥይት ራሷ የምትጎርስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያልተቀረቀረች። እስካሁን ሰማንያ አራት ሺህ ጥይት ተኩሳለች፤ ይህን የማውቀው ደብተር ስላላቸው ነው። ምስጢሩ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ሞላው ነው። ሽጉጧ በተኮሰች ቁጥር ወደ ኋላ የሚሄደውን ላይኛውን ብረት ወደ ቦታው የሚመልሰው ያ ጥምዝምዝ ሽቦ። ሞላ ይደክማል፤ ሲደክም ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ ሳይሞት ቀይረው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንግዲህ ይህ ነው። እንደ ድሮ ጌቶች የፈረስ ስም ይውጣላቸው ቢባል «አባ ሞላ» ከማለት ሌላ አማራጭ አይታየኝም።

«ዕቃ አይከዳም» ይላሉ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፤ «ሰው ነው ዕቃን የሚከዳው።»

ሽጉጧ ስትወለወል ያላየ ቅዳሴ አይቻለሁ አይበል። አሮጌ አንሶላ ይነጠፋል። ሽጉጧ ተፈታታ እንደ ቤተሰብ ፎቶ በተርታ ትደረደራለች። የጥርስ ብሩሽ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚስታቸው የወይዘሮ ኖላ። ዘይት በጠብታ ይለካል። «ዘይት እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲያንስም ሲበዛም ወጡ አይበላም።» ወይዘሮ ኖላ ከወጥ ቤት ሆነው ይመልሳሉ፦ «ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ ያልተቀየርኩት ዕቃ እኔ ብቻ ነኝ!»

«አንቺ መቼ ተበላሽተሽ!» ይላሉ አባ ሞላ፣ ከብሩሹ ቀና ሳይሉ።

እንግድነት ሲመጡ ወንበር ከመያዛቸው በፊት ፍሪጄን ይከፍታሉ። የሚበላ ፈልገው አይደለም፤ የበሩን ላስቲክ በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። «ሬክስ፣ ይሄ ላስቲክ ሞቷል። ብርዱን ለጎረቤት ነው የምታድለው።» ይህንን ለስድስት ዓመት ሰምቻለሁ።

አንድ ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛው ዌይድ በውድድር መሐል ሽጉጡ ተቀረቀረበት። ክቡርነታቸው ቀስ ብለው ተጠጉና ያችን የታወቀች ጥያቄ ጠየቁት።

«ሞላውን መቼ ቀየርከው?»

«የምን ሞላ?» አለ ዌይድ።

ቁጭ አሉ። ውሃ ተሰጣቸው። በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በእጃቸው የተጻፈ አዲስ ደንብ ይዘው መጡ። የአንድ አባል ሽጉጥ ቢቀረቀር፣ ተኩሱን እንደገና የመጀመር መብት የሚኖረው ሞላውን በዓመቱ ውስጥ ከቀየረ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ በዚያ ቀን እንዳልተወዳደረ ይቆጠራል። ጥያቄውንም የተኩስ መሪው በሰው ፊት ጮክ ብሎ መጠየቅ አለበት። ደንቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ስላመንበት ሳይሆን የክሪብ ሰዓት ደርሶ ፓስቲው እየቀዘቀዘ ስለነበር ነው።

ክሪብ ቅድመ አያቶቻችን መዳብ ሲቆፍሩ የሚያርፉባት የምግብ ሰዓት ናት። ስሟም ፓስቲዋም፣ ያ በሥጋና በድንች የተሞላ የሊጥ ጥቅል፣ ለእኛ ተላልፏል። በክበባችን አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደወል ይደወላል፤ ሽጉጦች ባዶ ሆነው ይቆለፍባቸዋል፤ ደወሉ መሐል ላይ ያቋረጠው ተኩስ ቢኖር ከሻይ በኋላ ከአንድ ይጀመራል። ከክሪብ በላይ የሆነ ሕግ የለንም።

የአባ ሞላ የገና ስጦታም እንዲሁ የታወቀ ነበር። ሌላው ሰው ወይን ያመጣል። እሳቸው ለእያንዳንዱ አባል ፖስታ ይሰጡታል፤ በውስጡ ለእሱ ሽጉጥ ልክ የሆነ አዲስ ሞላ፣ በላዩ ላይ ስሙና ዓመተ ምሕረቱ፣ ከሥሩ «አስገባው!» የሚል ቃል። እናመሰግናለን። ከዚያ ፖስታውን መኪናችን ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የተባለው ለእኛ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

በእኛ ዘንድ የሽጉጥ ፈቃድ እንዲታደስ አንድ ሰው በዓመት ስድስት ጊዜ በክበቡ መወዳደር አለበት። ከስድስት ከጎደለ ፈቃዱ ይቀራል፣ ሽጉጡም ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ክቡርነታቸው በሳንባ ምች ብዙ ወራት ተኝተው ስለነበር፣ የታኅሣሥ የመጨረሻው እሑድ ሲቃረብ አምስት ላይ ነበሩ። ቅዳሜ ወይዘሮ ኖላ ደወሉልኝ።

«ሬክስ፣ ነገ ስድስቱ ካልሞላለት ሽጉጧን ይወስዱበታል።»

«ይሞላል እንጂ፣ ኖላ።»

«ለብረቱ አይደለም የምጨነቀው። እሑድ መሄጃ ካጣ እቤት ተቀምጦ እኔን መወልወል ይጀምራል።» ሳቁ፤ ቀጥሎ ድምፃቸው ወረደ። «ከሳንባ ምች ያስነሳው እሑድ ነው። እሱ ከቀረበት አይነሳልኝም፣ ሬክስ።»

በማግሥቱ ሙቀቱ ገና ከጧቱ ቆርቆሮውን ያስጮኸው ነበር። አባ ሞላ ቦታቸውን ያዙ። ሽጉጧን ሲያጎርሱ ላይኛውን ብረት ለመሳብ ሁለት ጊዜ ሲሞክሩ አየሁ፤ የሙቀቱ ነው አልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተኮሱ። በአራተኛው ብረቱ ግማሽ መንገድ ተመልሶ ቆመ።

ተቀረቀረች።

አጠገባቸው የቆመው ዌይድ አፉን ከፈተ። ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቀ እናውቃለን፤ ዕድሜ ልኩን የሚያወራው ነገር እጁ ላይ ወድቆለታል። ከዚያ የሽማግሌውን ፊት አየና አፉን ዘጋ።

የተኩስ መሪያችን ጃኒን ኦፒ ናት፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ፣ ለእናቷም ደንብ የማትጥስ። ክቡርነታቸው ሽጉጧን አፈሙዟን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ አስቀምጠው፣ እንደ ደንቡ እጃቸውን አንሥተው ቆሙ።

«ጠይቂኝ እንጂ» አሏት።

«ጋር...»

«ደንቡ የእኔ ነው። ጠይቂኝ። እነግርሻለሁ።»

ጃኒን ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ደንብ መጽሐፉ አየሁ፤ ደንባቸውን ወደዚያ የገለበጥኩት እኔው ነኝ፣ ቀዳዳ የለውም። እሳቸው ደግሞ ዋሽተው አያውቁም። በገዛ እጃቸው የቆፈሩት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ እየጠበቃቸው ነበር። ጃኒን ድንገት ዞር ብላ ወደ መጠለያው ሄደችና የደወሉን ገመድ ሳበች።

«ክሪብ!»

«ምን ክሪብ አለ?» ጮኹ አባ ሞላ። «ገና አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም!»

«በእኔ ሰዓት ሞልቷል» አለች ጃኒን። «ሽጉጥ ባዶ ይደረግ፣ ይቆለፍ!»

በክበባችን ታሪክ ክሪብ ያለ ሰዓቱ ሲደወል ይህ የመጀመሪያው ነው። ፓስቲው ገና ስላልሞቀ ቀዝቃዛውን በላን። ክቡርነታቸው ግን አልነኩትም። ደብተራቸውን አውጥተው ፊቴ ዘረጉት። በአራት ዓመት ውስጥ አራት ቦታ ላይ፣ በዚያ ጥንቃቄ በተሞላ ጽሕፈት፣ አንድ ዓይነት መስመር ነበር፦ «ሞላ፦ አልተቀየረም። ጥፋቱ የእኔ።»

«ለምን፣ ጋር?»

እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጣቶቻቸው በየመገጣጠሚያው አብጠው ተጣመዋል። ስንት እሑድ አብሬያቸው ተቀምጬ እንዳላየሁት ሳስብ አፈርኩ። «አዲስ ሞላ ጠንካራ ነው» አሉ። «መሳብ አቃተኝ። አሮጌው ለስለስ ይላል። ለእናንተ እየሰበክሁ እኔ...» ደብተሩን ዘጉት። «ይኸው ዛሬ ቀን ጎደለብኝ።»

ያን ጊዜ ተነሥቼ ወደ መኪናዬ ሄድኩ፤ ደንቡ «በዓመቱ ውስጥ» ነው ያለው፣ ዛሬም በዓመቱ ውስጥ ነው። ሽጉጤ በእሳቸው ምክር የተገዛች ስለሆነች የእሳቸው ሽጉጥ እኅት ናት፤ ሞላዋም አንድ ነው። የመኪናዬን ኪስ ከፍቼ ፖስታዎቼን ይዤ ስመለስ፣ ለካ ሌላውም ሁሉ ወደየመኪናው ሄዶ ኖሯል። አንድ በአንድ እየመጡ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፓስቲው አጠገብ ከመሩ። ልክ ይሁን አይሁን ማንም አላሰበም፤ ያለንን ነው ያመጣነው። አርባ ምናምን ፖስታ። አንዱም አልተከፈተም።

አባ ሞላ እያነሡ አዩዋቸው።

«ዌይድ፣ ይሄ የስምንት ዓመት ነው።»

«አዎ፣ ጋር።»

«አንዱንም አላስገባህም?»

«አንዱንም።»

«ታዲያ ሽጉጥህ ይሄን ሁሉ ዘመን በምን ሠራ?»

ዌይድ አሰበ። «በጸሎት» አለ።

ሊያለቅሱ ነው ወይስ ስብከት ሊጀምሩ ብዬ ፈራሁ። ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ሻይ ሲቀዱ የነበሩት ወይዘሮ ኖላ መጥተው ጀርባቸውን መቱላቸው።

ሻዩ ሲያልቅ ጃኒን እያየቻቸው በመጠገኛው ጠረጴዛ ላይ የእኔን ፖስታ ከፍተው ሞላውን ቀየሩ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀባቸው፤ እነዚያ የተጣመሙ ጣቶች ያን ሥራ አልረሱም። ተኩስ መስመሩ ላይ ግን ባዶዋን ሽጉጥ ሊስቡ ሲሞክሩ ብረቱ አልንቀሳቀስ አለ። እንደገና ሞከሩ። እንቢ።

«አትሳበው» አለች ጃኒን። «ላይኛውን ብረት አጥብቀህ ያዝና እጀታውን ወደ ፊት፣ ወደ ዒላማው ግፋው።» ይህ ለጀማሪዎች የምታስተምረው ዘዴ ነው። ክቡርነታቸው ለዓመታት «ሽጉጥ ነው ወይስ የሕፃን ጋሪ?» እያሉ ሲያሾፉበት ኖረዋል።

አሁን አላሾፉም። ገፉ። ቀጭ አለ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስስብ» አሉ።

«መጠየቅ ነበረብሃ።»

«እኔ?» አሉ ከልብ ተገርመው። «እኔ እኮ ጠያቂው ነኝ።»

ተኩሱ ከአንድ ሊጀመር ሲል ጃኒን ደረቷን ነፍታ፣ እስከ ገብስ ማሳው በሚሰማ ድምፅ ጠየቀች። «ጋርኔት ፔንግሊ! በደንቡ መሠረት፦ ሞላውን መቼ ቀየርከው?»

«ከዐሥር ደቂቃ በፊት!»

«ጸሐፊ፣ ይጻፍ።»

ጻፍኩ። ዓይኔ ትንሽ ስለረጠበ ጽሑፉ ጠመም ብሏል፤ የሚያጣራ ካለ ይምጣ። ክቡርነታቸው ያን ቀን ከዐሥራ ሦስታችን መጨረሻ ወጡ። ከተቀረቀረች በኋላ ግን ሽጉጧ አንዴም አላቆመች፤ ስድስቱም ሞላ።

አንቱታዬ ቀልድ እንደነበር መጀመሪያ ላይ ደብቄያችሁ ከሆነ ይቅርታ። አሁን ቀልድ አይደለም። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። እኛ ዕቃችንን ስንረሳ የኖርነው እሳቸው ስለሚያስቡልን ነበር፤ እሳቸውን ማን ያስብላቸዋል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ከቀሩት ፖስታዎች አንዱን ከፈትኩ። ሞላዬን ቀየርኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ደወልኩላቸው።

«ጋር፣ ሞላውን ቀየርኩት።»

ስልኩን ራቅ አድርገው፣ የልጅ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ሲጣሩ ሰማኋቸው፦ «ኖላ! ኖላ! ሬክስ ቀየረ!» ተመልሰው መጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የፍሪጅህስ ላስቲክ?»

ስልኩን ሳልዘጋ ሄጄ ዳሰስኩት። ሞቷል።