በጋሼ መኮንን ምላስ የሚያልፈው ቡድን

ዓመቱን ሙሉ እየተሸነፈ በመዝጊያው ቀን የሚጫወት ቡድን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ወደ እኛ ሰፈር ሜልተን ብቅ በሉ።

እዚህ ሜልቦርን የሐበሻ እግር ኳስ ቡድኖች ውድድር ሲዘጋ፣ በበዓሉ ቀን የሚጫወቱት በነጥብ የበለጡት ናቸው። እኛ ግን የምንገባው በአሰልጣኛችን በጋሼ መኮንን ምላስ ነው። ገና ውድድሩ ሳይጀመር አዘጋጆቹን ጥግ ያስይዙና፣ «ሜዳውን በሰው የሚሞላላችሁ ማን ነው? ሜልተን አይደለም እንዴ?» ይሏቸዋል። እውነታቸውን ነው፤ እኛ ከነአማቶቻችን፣ ከነጥብሳችን ነው የምንመጣው።

ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ፤ አሸንፈን በነጥብ አለፍን! እኛ ስንጨፍር ጋሼ አኩርፈው ተቀመጡ።

«ምነው ጋሼ፣ አለፍን እኮ!» አልኳቸው።

«እኔ ቦታውን አስቀድሜ ቡክ አድርጌላችሁ የለም እንዴ? በማሸነፍማ ማንም ያልፋል!»