ወይዘሮ የማንና የተገለበጠው ስልሳ ስምንት

ቁርጥ ያለ መልስ ከአፋቸው የማይወጣ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ አይታጡም። ስንት ሰዓት ነው ሲባሉ በማን ሰዓት ብለው ይጠይቃሉ። ዛሬ ይበርዳል ያላቸው ሰው ከየትኛው ቀን ጋር እንዳስተያየው ሳያስረዳ አያልፍም። ከእነሱ ጋር አንድ ወር የከረመ፣ ምግቡ ጣፈጠ ለማለት እንኳ ምስክር መቁጠር ይጀምራል። የዚህ ወገን የበላይ ጠባቂ፣ ዘውድ ያልጫኑት ንግሥት፣ በአንድ የምርምር ተቋም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጡት ክብርት ፕሮፌሰር ነበሩ። ፊት ለፊት ፕሮፌሰር፣ ከጀርባቸው ደግሞ ወይዘሮ የማን።

ስሙን ያወጣችላቸው ዘጠኝ ዓመት አብራቸው የሠራችው ነርስ ናት፤ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። ጠዋት ጠዋት ሽንታቸውን በብልቃጥ ይዘው የሚመጡትን ሴቶች የምትቀበል፣ የምትመዘግብ፣ ብልቃጡን በየሴትዮዋ ቆርቆሮ ከትታ ማቀዝቀዣ ውስጥ የምትደረድር እሷ ነበረች። ፕሮፌሰሯ ከዚያ ሽንት ሆርሞን እየለኩ፣ የሴት እንቁላል በስንተኛው ቀን እንደሚወጣ ያጠኑ ነበር። መቶ አርባ ሴቶችን ሁለት ሁለት ወር ተከታትለው የደረሱበትም ከጠባያቸው ጋር ልክክ ያለ ነው። ሰው ሁሉ በቃሉ የያዘው አሥራ አራተኛው ቀን የጥቂቶቹ ብቻ ሆነ፤ የሌሎቹ ይቀድማል፣ ይዘገያል፣ ከወር ወርም ይለዋወጣል።

ጥናቱ በታወቀ መጽሔት ላይ ከወጣ በኋላ አገር ምድሩ ጠያቂ ሆነ። የበሩ ዘበኛ አዲስ ላገባች ልጃቸው ብለው በስንተኛው ቀን እንደሆነ ጠየቁ። ፕሮፌሰሯ «የማን?» አሉ። የልጄ ሲሏቸው፣ ልጅዎን ለክቼ አላውቅም ብለው ደረጃውን ወጡ። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ለአድማጭ የሚሆን አጠር ያለች ቁጥር ቢለምናቸው አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ በመጨረሻ የተላለፈው ሰላምታቸው ብቻ ነው። በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ዛሬ በዘጠኝ ወሩ ልጅ ታቀፉ ብለው ቢመርቁ፣ ዘጠኙ ወር ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ለማስረዳት ከመቀመጫቸው ተነሡ። እህታቸው ቀሚሳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ሲስተር ይህን ሁሉ ማታ ማታ ራት ላይ ለባሏ ታወራለች። ሰውዬው የፕሮፌሰሯን ኃጢአት ከገዛ ዘመዶቹ ኃጢአት አብልጦ ያውቅ ነበር። አንድ የግል ሆስፒታል ልቅጠርሽ ካላት ሰንብቷል፤ ባሏም ምን ትጠብቂያለሽ ማለት ከጀመረ ቆይቷል።

አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ከጥናቱ ተሳታፊዎች አንዷ ናት፤ ቁጥሯ ሰማንያ ዘጠኝ። ጥናቱ ሲያልቅ ለየሴቶቹ በተላከው ደብዳቤ፣ እንቁላሏ በሃያ አንደኛው ቀን እንደሚወጣ ተነግሯታል። ልጅ አጥብቃ የምትፈልግ ሴት ስለሆነች በዚያው ቀን ስታሰላ ከረመች።

«ሃያ አንደኛው ቀን አሥራ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ፣ ሲስተር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምንም የለም።»

ሲስተር አጽናንታ አስቀመጠቻትና የተረፈውን ናሙና ለማየት ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች። ቆርቆሮዎቹ ክብ ናቸው፤ ቁጥሩ ክዳኑ ላይ ተለጥፏል። ሰማንያ ዘጠኝን አውጥታ ከፈተች። ብልቃጦቹ ላይ የተጻፈው ቀን ግን ልብስ ሰፊዋ ገና ሳትመዘገብ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የነበረ ነው። ቆርቆሮውን በእጇ አዞረችው። ሰማንያ ዘጠኙ (89) ተገልብጦ ስልሳ ስምንት (68) ሆነ።

ከመለኪያው ቀን በፊት ማቀዝቀዣው ወደ አዲስ ክፍል ሲዛወር ቆርቆሮዎቹን በተርታ የደረደረቻቸው ራሷ ነበረች። ስልሳ ስምንትን ሰማንያ ዘጠኝ፣ ሰማንያ ዘጠኝን ስልሳ ስምንት ብላ አንብባለች። የሁለቱ ሴቶች ልኬት ተለዋውጧል። የባሰው ደግሞ፣ በጽሑፉ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ዓረፍተ ነገር ያረፈው በልብስ ሰፊዋ ላይ መሆኑ ነው፦ ወር አበባዋ እንደ ሰዓት ሳይዛነፍ የሚመጣ ሴት እንኳ እንቁላሏ እስከ ሃያ አንደኛው ቀን ሊዘገይ ይችላል የሚለው። ፕሮፌሰሯ በአንድ ትልቅ ጉባኤ እንዲናገሩ የተጋበዙትም በዚሁ ነበር።

ሲስተር በልቧ ሥራዋን ተሰናብታ ወደ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባችና ሁሉንም ተናገረች። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ አዞሩት።

«ክብ ቆርቆሮ ይገዛ ያለው ማነው?»

«እርስዎ» አለች ሲስተር በቀስታ።

«ከቁጥሩ ሥር መስመር ይሰመር ያላለውስ?»

ሲስተር ክዳኑን አየች።

«እኔ ነኝ። በደረደርሻቸው ቀን ሌላ የተገለበጠ እንዳለ ዛሬውኑ አንድ በአንድ እናያለን። መጀመሪያ ግን ልብስ ሰፊዋን እናግኛት።»

ልብስ ሰፊዋ ደንበኛ ቀጥራ ስለነበር ወደ ሱቋ ተመልሳለች። ለመውጣት ሲነሡ የክፍሉ ኃላፊ ወሬው ደርሶት ከተፍ አለ። ከመቶ አርባዎቹ ሁለቱ ቢለዋወጡ አማካዩ ንቅንቅ እንኳ አይልም አለ። ጉባኤው እስኪያልፍ ዝም ቢባል የማንንም ውጤት አይለውጥም።

«የማንን?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«የማንንም አልኩ እኮ።»

«የአንዲት ሴት ዓመት ለውጧል» አሉና ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወት፣ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ ወንበር። ፕሮፌሰሯ ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«የነገርንሽ ቀን የሌላ ሴት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ ባንደኛው ወር በአሥራ ሁለተኛው፣ በሌላኛው በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነበርሽ። የሌሎቹን ወራት ስላልለካሁ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ጨርቅ እጥፋት በጣቷ ተከተለች። «ዓመት ሙሉ ባሌን ነው የወቀስኩት» አለች። «ለእሱም እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ባልየው ግንበኛ ነው፤ የሚመጣው ሥራ ሲለቅ ነው። ፕሮፌሰሯ ለሦስት ሰዓት ያህል አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ሲስተር አጠገባቸው ሆና፣ ትልቋ ሴትዮ ንግግራቸውን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲለማመዱ አየች። ግንበኛው ሲሚንቶ በለበሰ ጫማው ገብቶ ሁሉንም አደመጠ። ከዚያ ሚስቱን አየና ሳቁ አመለጠው፤ ሚስቱም ሳቀች፣ እንባዋም አብሮ መጣ። ስልሳ ስምንተኛዋ በስልክ ሲነገራት ደግሞ ደብዳቤውን ጨርሶ እንዳልከፈተችው ነገረቻቸው።

ሌላ የተገለበጠ ቁጥር አልተገኘም። ማረሚያው በመጽሔቱ ወጣ፤ ዓረፍተ ነገሩ ተሰረዘ፣ የቀረው ጥናት ጸና። የነርሷ ስም ግን የትም ላይ አልተነሣም፤ ስህተቱ የተመራማሪዋ ነው ይላል። ጉባኤው ግብዣውን በትሕትና ሰረዘ። ፕሮፌሰሯ ደብዳቤውን አንብበው የሰዋስው ግድፈት አወጡበት።

ከአምስት ወር በኋላ ልብስ ሰፊዋ ደወለች፤ አርግዛለች። ሲስተር ኮሪደሩን እየሮጠች ሄዳ ብትነግራቸው፣ ከአንዲት ሴት ተነሥቶ ምንም ማለት እንደማይቻል አስረዷት። ካስረዱ በኋላ ግን ያን ቀን ሥራ አልሠሩም። ለሲስተር በገዛ እጃቸው ሻይ አፈሉላት፤ ስኳሩንም ረሱት።

በሳምንቱ ሲስተር ለግል ሆስፒታሉ ደውላ ይቅርብኝ አለች። ባሏ ምክንያቱን ቢጠይቃት ስኳር ስለሌለው ሻይ አወራችው። በማግሥቱ አዲስ ጥናት ሊጀመር ሴቶች ብልቃጥ ይዘው ተሰልፈው ነበር። ከፊት የቆመችው ወጣት ፈራ ተባ እያለች፣ ፕሮፌሰሯ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ጠየቀቻት።

«ጥያቄሽን በጥያቄ ይመልሱልሻል፣ አንጀትሽን ያበግኑሻል» አለቻት ሲስተር ብልቃጡን እየተቀበለች። «ከተሳሳቱብሽ ግን ቤትሽ ድረስ መጥተው ይነግሩሻል።»