ዶስቦል ሳያውቅ የሚነሳ የለም

(ካዛክስታን፤ ሮኬት ማምጠቂያው አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ። ፀደይ ነው፤ ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው። ዶስቦልና ግመል አርቢው ወዳጁ ቤይሰን፣ በዶስቦል ቤት ጣሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ዶስቦል አንገቱ ላይ ባይኖኩላር አንጠልጥሏል።)

ዶስቦል፦ ወንበርህን አዙር አልኩህ እኮ! ሮኬቱ በምሥራቅ ነው የሚነሳው!

ቤይሰን፦ እኔ ምዕራቡን ነው የማየው።

ዶስቦል፦ ምዕራብ ደግሞ ምን አለ? ያንተ ቤትና ያንተ ግመሎች!

ቤይሰን፦ ኡርከር አለች። ያቺ ችምችም ያለችው የኮከብ መንጋ። ሰሞኑን ምድር ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ ሙቀቱ ሲበረታ ነው የምትወጣው። አባቴ ሳይሰናበታት ቀርቶ አያውቅም።

ዶስቦል፦ ሰው ጨረቃ ረግጦ ተመልሷል፣ እሱ ኮከብ ይሰናበታል! አንተ ሰውዬ፣ ኮከብ ምድር ውስጥ አይገባም። ምድር ናት የምትዞረው።

ቤይሰን፦ ከዞረችማ ወንበሬ ምን አስጨነቀህ? ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ራሷ አታዞረኝም?

ዶስቦል፦ (ራሱን ይዞ) ወይኔ! ከማን ጋር ነው የተቀመጥኩት? ስማ፣ ከዚህ ምድር እኔ ሳላውቅ የሚነሳ ነገር የለም። ነፋሱን አውቃለሁ፣ ነዳጁን አውቃለሁ። ለዛሬ የግቢውን መብራት ሁሉ አጥፍቻለሁ።

ቤይሰን፦ መብራቱ ምን በደለ?

ዶስቦል፦ ዓይን ይበጠብጣላ! ውሻውንም ጋጣ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ሮኬት ሲያይ ያላዝናል።

ቤይሰን፦ እንኳን ቆለፍክበት። ባለፈው የልጄን የሳንጃርን ሱሪ ቀዶታል።

ዶስቦል፦ ልጅህ እኔ አጥር ጋ ምን ይሠራል?

ቤይሰን፦ ኮከብ ያያል።

ዶስቦል፦ በጠራራ ፀሐይ?

ቤይሰን፦ ዓይኑ ጎበዝ ነው። (ወንበሩን ጠጋ አድርጎ) ዶስቦል፣ ያ የጠየቅኩህ ነገር... ሳንጃርና ልጅህ ራውሻን እኮ ይዋደዳሉ።

ዶስቦል፦ ደግሞ ጀመርክ! ልጄን ለግመል አርቢ? ነገ የአልማቲው መሐንዲስ ቤተሰብ ሊጠይቃት ይመጣል። በጉ ታስሯል፤ ነገሩ አልቋል።

ቤይሰን፦ እሷን ጠይቀሃታል?

ዶስቦል፦ ሮኬት ወዴት ልላክህ ተብሎ ይጠየቃል? አቅጣጫ የሚያውቅ ሰው ይልከዋል እንጂ!

ቤይሰን፦ የመጨረሻ ቃልህ ነው?

ዶስቦል፦ የመጨረሻ!

ቤይሰን፦ እሺ። (ወደ ምዕራብ ዞሮ ኮፍያውን ያውለበልባል)

ዶስቦል፦ ምን ሆነሃል?

ቤይሰን፦ ኡርከርን መሰናበቴ ነው።

(ከታች የመኪና ሞተር ይንተፋተፋል፤ ይጠፋል፤ ደግሞ ይነሳል።)

ቤይሰን፦ ሮኬቱ ነው እንዴ?

ዶስቦል፦ (እየሳቀ) ሞኝ! ይሄ ጭስ ማውጫው የተቀደደ አሮጌ መኪና ነው። ልክ የልጅህን ዓይነት። ቆይ እስቲ ልየው... (ይነሳል)

ቤይሰን፦ ዶስቦል፣ ሮኬት እዚያ ላይ አየር ሳይኖር እሳቱ እንዴት አይጠፋም?

ዶስቦል፦ (ወዲያው ይቀመጣል) አየህ፣ ዛሬ ገና ደህና ጥያቄ ጠየቅክ! አየሩን ራሱ ይዞት ነው የሚሄደው...

(ምሥራቁ ቦግ ይላል። ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ መስኮቶች ይንጫጫሉ።)

ዶስቦል፦ ተነሳ! ተነሳ! ሂድ የኔ አንበሳ! እሳቱን እየው፣ ሰማዩን ሲያበራው እየው! (እንባውን ይጠርጋል) ሁልጊዜ ያስለቅሰኛል። አንተም ታለቅሳለህ?

ቤይሰን፦ (አፍንጫውን እየጠረገ) በሰላም ሄዱ። እግዜር ይመስገን።

ዶስቦል፦ ሄዱ? አንድ እኮ ነው! ራውሻን! ኩልያሽ! አያችሁት? (ጆሮውን ወደ ታች ይጥላል) ሚስቴስ የት ሄደች?

ቤይሰን፦ እስቲ አሁን ምዕራቡን እይ።

ዶስቦል፦ (በባይኖኩላሩ እያየ) ቤትህ ሰው ሞልቷል። ሚስትህ ለአንዲት ልጅ ነጭ ሻሽ እያሰረችላት ነው። ሙሽራ አስገባችሁ እንዴ? እንኳን ደስ ያለህ! ቆንጆ ልጅ ናት፣ አባቷ የታደለ... (ባይኖኩላሩን አውርዶ፣ መልሶ ያያል) ራውሻን! ልጄን ጠለፋችኋት!

ቤይሰን፦ ኧረ ሻንጣዋን የጫነችው ራሷ ናት። ሳንጃር ዘገየ ብላ ተቆጥታዋለች።

ዶስቦል፦ እናቷ እያለች? ኩልያሽ እያ... ያቺ ሻይ የምትቀዳው... ኩልያሽ!

ቤይሰን፦ መኪናው አልነሳ ሲል የገፋችው እሷ ናት።

ዶስቦል፦ ጉድ ሠራችሁኝ! አሁኑኑ ሄጄ አመጣታለሁ!

ቤይሰን፦ (ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ) ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የተቀመጥኩት፣ አማቼ። የላክኋቸው ሽማግሌዎችም ለካሳ ግመል ይዘው በርህ ላይ ቆመዋል። ልጅቷ ደስ ብሏታል፤ በዓይንህ አይተሃታል። ግን እምቢ ካልክ ወርጄ እነግራቸዋለሁ።

ዶስቦል፦ ምን ብለህ?

ቤይሰን፦ እውነቱን ነዋ። ዶስቦል ሰማይ ሰማይ ሲያይ ልጁ ከገዛ በሩ ሳያውቅ ተነስታ ሄደች እላቸዋለሁ።

(ዶስቦል ደጁን ወደ ታች ያያል። ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ኮቱን ያስተካክላል።)

ዶስቦል፦ ሳያውቅ? ማን ነው ሳያውቅ? (ጮክ ብሎ፣ ደጅ እንዲሰማ) አንተ ሞኝ፣ መብራቱን ያጠፋሁት ለምን ይመስልሃል?