ክብርት ፕሮፌሰርና የማይደቀው እርድ

ሐኪም ዝም ባለበት ሁሉ መልስ ያላት አክስት የሌለችበት ቤተሰብ የለም። አለ የሚል ሰው ምናልባት ታሞ አያውቅም።

አንዲት የካንሰር መድኃኒት ተመራማሪም እንዲህ ያሉ አክስት አሏት፤ ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ነው የሚላቸው። ጉንፋን ቢሉ፣ ወገብ ቢሉ፣ እንቅልፍ ማጣት ቢሉ የክብርትነታቸው መድኃኒት አንድ ነው፤ እርድ። «ከመሬት የበቀለ ነገር ሰው አይጎዳም» ይላሉ። ጎረቤታቸው «መርዝም እኮ ከመሬት ይበቅላል» ቢላቸው ለምላሱ እርድ አዘዙለት።

ጣጣውን ያመጣችው ተመራማሪዋ ራሷ ናት። ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራው ከእርድ በሚወጣ ንጥረ ነገር ላይ ነው። አክስቷ ስለ ሥራዋ እየጠየቁ አላስቆም አላስቀምጥ ቢሏት አስረዳቻቸው። «አክስቴ፣ ንጥረ ነገሩ ቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የካንሰር ሴል ይገድላል። ሲዋጥ ግን ዕጢው ጋ ሳይደርስ ሰውነት ያስወጣዋል። ስለዚህ በዓይን በማይታይ የስብ ቅንጣት ጠቅልለን ልንልከው እየሞከርን ነው፤ ናኖ ይባላል። ገና በአይጥ ላይ ነን።»

ክብርትነታቸው የያዙት «ስብ» እና «ቅንጣት» የሚለውን ብቻ ነው። በማግስቱ ሙቀጫው ሥራ ጀመረ። እርዱ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ እንደገና ይወቀጣል፣ በዘይት ይታሻል። ተከራዩ ግድግዳ ቢደበድብ «ናኖ እያደረግኩ ነው፣ ትንሽ ታገሥ» አሉት። መጋረጃው ቢጫ ሆነ፤ ድመቷም አልቀረላትም። ተመራማሪዋ በሳቅ ሞተች።

ሳቋ የቆመው አባቷ አንጀታቸው ላይ ዕጢ የተገኘ ቀን ነው። ሐኪሞቹ ቶሎ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ይድናሉ አሉ። አባት ግን ቢላዋ ፈሩ። «እህቴ ናኖ እያላት ምን አንከራተተኝ» ብለው ወንበራቸው ላይ ተተከሉ። ልጅ ለመነች፣ አለቀሰች። ወይ ፍንክች።

ፕሮፌሰር የእርድ ብልቃጣቸውን ይዘው ሲገቡ ልጅቷ በልቧ አለቀልን አለች።

«አንቺ፣ ይኼ ይበቃኛል አይደል?» አሉ አባት።

አክስት ብልቃጡን አገላበጡት።

«አላውቅም» አሉ።

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው አልነበረም። አባት ደነገጡ። «እንዴት አታውቂም?»

«አላውቅም አልኩህ። ልጅህ ተምራ ተምራ ገና አይጥ ላይ ናት፤ እኔ ባንተ ልሞክር እንዴ? ያለኸኝ ወንድም አንድ ነህ። ተነሥ፣ ጫማህን አድርግ።»

ተነሡ።

ዕጢው ወጣ፤ አባትም እያገገሙ ነው። ለክትትል በሄዱ ቁጥር ክብርት ፕሮፌሰር ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ስለ ቀዶ ጥገና ያስረዳሉ። ተመራማሪዋ እጃቸውን ይዛ ከጎናቸው ትሰማለች። ግማሹ ስህተት ነው። አንዱንም አታርማቸውም።