የክቡር ሚኒስትሩ አሥራ ዘጠነኛ ድምፅ

በካናዳ ምድር አንድ ክቡር ሚኒስትር የሌለው ወረዳ የለም። ዋና ከተማ ተቀምጠው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀሉት አይደለም የማወራው። ስለ እነዚያ ቀብር ስለማያመልጣቸው፣ የሰርግ ኬክ ስለማያልፋቸው፣ የላምህን ስም ከነእናቷ ስለሚያውቁት ነው። ሥልጣን ይዘው ይወለዳሉ ለማለት ይከብዳል። እጅ እየጨበጡ መወለዳቸው ግን አያጠራጥርም፤ አዋላጇን አመስግነው የወጡ ይመስለኛል።

የእኛው ክቡር ሮሪ ማክፌድራን ይባላሉ። ኬፕ ብሬተን በምትባለው ደሴታችን፣ ባሕሩ በሚያንጎራጉርላት ግሌንዳራ ተወልደው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አባል፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ አንዱን የመንገድ ሚኒስትር ሆነው ኖረዋል። ደረታቸው ሰፊ ነው፤ ድምፃቸው ከደረታቸው ይሰፋል። ያለ ሰማያዊ ከረባታቸው ያያቸው ሰው ስላልነበረ፣ አስረውት የሚተኙ ይመስለን ነበር።

ሰማያዊ የሆነው በምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ወይ ሰማያዊ ነው ወይ ቀይ። ፓርቲ አይመረጥም፤ እንደ አፍንጫ ከአያት ይወረሳል። የእኛ ቤት፣ የጊሊሶች ቤት፣ ከቅድመ አያቴ ጀምሮ ቀይ ነው። አባቴ ጀልባውን ለመቀባት ከሰማያዊ ቀለም በቀር ቢያጣ፣ ሳይቀባው ሁለት ክረምት ዓሣ አጥምዶበታል።

አስፋልትም ወገን አለው። ጥቁር ነው የሚለው እንግዳ ሰው ብቻ ነው። ክቡርነታቸው በተሾሙ በሁለተኛው ዓመት አስፋልቱ በባሕሩ ዳር እየተጥመለመለ መጣና፣ ጎረቤታችን ፍሎራ አጥር ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ፍሎራ ሰማያዊ ነበረች። ከእሷ አጥር እስከ እኛ በር አርባ እርምጃ ነው፤ አርባውም ጠጠር። ዳምጠው በክብር ዞሮ ሲመለስ ደጄ ላይ ቆሜ ሸኝቼዋለሁ።

ደሴታችን ላይ ቅሬታ በማመልከቻ አይቀርብም፤ ይዘፈናል። ባለቤቴ ሞራግ የዚያኑ ቀን ሰሃን እያጠበች ግጥም አወጣች፦

አስፋልቱ ጋለበ ባሕሩን ተከትሎ፣
ደጃችን ላይ ቆመ «የማን ወገን?» ብሎ።

ዘፈኑ በሳምንቱ ወረዳውን አዳረሰ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ቫዮሊኑ እየተገዘገዘ፣ እግር ወለሉን እየደበደበ ሲዘፈን ክቡርነታቸው ገቡ። ሰው ሁሉ ዘፈኑን ትቶ ፊታቸውን ማየት ጀመረ። እሳቸውም ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ዜማውን እንዳበላሸነው ነግረውን፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ራሳቸው ዘፈኑት። ከዚያ ወዲያ የትም ቢጋበዙ ሳይዘፍኑት አይቀመጡም። ሞራግ ስድብ መሆኑ አልገባቸውም ብላ ስትጨነቅ ከረመች።

ገብቷቸዋል። እኒህ ሰው ያልገባቸው ነገር አልነበረም፤ ያላገኙት ግን አንድ ነገር ነበር፤ የጊሊስ ቤት ድምፅ። ድልድይ ተመርቆላቸዋል፣ በስማቸው ፈረስ ተሰይሟል፣ ያቺ አንዲት ድምፅ ግን እንደ ድሮ ፍቅረኛ ስትሸሻቸው ኖረች። በየምርጫው ዋዜማ መኪናቸውን አስፋልቱ ጫፍ ላይ ያቆማሉ። አርባዋን እርምጃ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ለምን ቢባሉ መኪናው ጠጠር አልለመደም ይላሉ። ከዚያ ማድ ቤታችን ገብተው፣ ሦስት ስኳር ሻያቸው ላይ ጨምረው፣ የሞራግን የአጃ ብስኩት ይዘው ይቀመጣሉ።

«ሞራግ፣ ዘንድሮስ?»

«ሻይ ልድገምህ ሮሪ?»

«አንድ ብቻ ነው የምለምነው። ማን እንደሰጠኝ እንኳ አትንገሩኝ።»

አንድ ዓመት እኔ ለቀልድ ያህል፣ «አርባ እርምጃ አስፋልት ያምጡና እናስብበታለን፣ ክቡር ሚኒስትር» አልኳቸው።

ሻያቸውን አስቀመጡ። «አይሆንም ኒል። ባነጥፍልህ ገዛው ይሉኛል። የተገዛ ድምፅ ሞልቶኛል። ከዚህ ቤት የምፈልገው እንደዚያ ያለውን አይደለም።» አሉና ሌላ ብስኩት አነሡ።

ድምፅ ምስጢር ነው፤ ሕጉ እንዲያ ይላል። ነገር ግን ቆጠራው በየጣቢያው ይለጠፋል፤ የእኛ ጣቢያ ደግሞ የመንደሩ ትምህርት ቤት ነው፤ መራጩም አርባ ሦስት ሰው። ሰማያዊ አሥራ ዘጠኝ፣ ቀይ ሃያ አራት። እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ሄደ። ከሃያ አራቱ አንዱ ቢጎድል፣ እስከ ምሳ ሰዓት ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ እስከ እራት ደግሞ ይዘፈንበታል። የጊሊስ ልጅ ሆኖ እንዲያ መዘፈን ደግሞ ደሴቱን ለቆ መሄድ ነው።

ከዚያ አባቴ ሞተ። ኑዛዜው አንዲት መስመር ነበረች፦ ሬሳዬን ሰማያዊ እንዳይሸከመው። የካቲት ነበር። በረዶ ጠራጊው መኪና እንደ ልማዱ ፍሎራ አጥር ጋ ደርሶ ተመልሷል። ሣጥኑን የሚያነሣ ስድስት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ በረዶ መድረስ የቻልነው አምስት ነን። ካህኑ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ሞራግ መስኮቱን ታያለች። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሰው ወገቡ ድረስ በረዶ እየሰነጠቀ ሲመጣ ታየ።

ኑዛዜውን ሰምተዋል፤ ያልሰማ አልነበረም። በራችን ላይ ቆመው በረዶውን አራገፉ። ሰማያዊ ከረባታቸውን ፈቱት፣ ቀስ ብለው ጠቀለሉት፣ ኪሳቸው ከተቱት።

«ለዛሬ ብቻ» አሉ።

የፊተኛውን እጀታ ያዙ። ከመቃብር ስንመለስ መልሰው አሰሩት። በነጋታው ስለዚህ ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም አላነሡም።

በዓመቱ ምርጫ መጣ። አገሩ ሁሉ ሰማያዊዎቹን ሰልችቷቸው ነበርና እንደሚሸነፉ እሳቸውም ያውቁታል። እንደ ወትሮው አርባዋን እርምጃ መጥተው ተቀመጡ። መጋቢት ላይ ስለ ሞተችው ስለ ፍሎራ አወሩ፤ ስለ ሳቋ፣ ስለ ክፉ ድመቷ። ሻያቸውን ጨረሱ። ተነሡ። ዘንድሮስ ሳይሉ ወጡ።

ሃያ ሁለት ዓመት የለመኑትን ተቋቁሜ ነበር። ያልለመኑትን አልቻልኩም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ እርሳሱን ይዤ ስቆም አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ ትከሻዬ ላይ ተደርድረው ሲተነፍሱ ተሰማኝ። ምልክቷን አድርጌ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፍኩት።

ክቡርነታቸው በሁለት ሺህ ድምፅ ተሸነፉ። የእኛ ጣቢያ፣ ሰማያዊ አሥራ ዘጠኝ፣ ቀይ ሃያ ሁለት። መንደሩ ቆጥሮ፣ ሁለት ሰው ሞቷል ሁለት ድምፅ ጎድሏል፣ ሒሳቡ ልክ ነው ብሎ ተኛ። ፍሎራ የጎደለችው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ያሰበ አልነበረም።

ከአንድ ሰው በቀር። በማግሥቱ ጠዋት፣ የመንግሥት መኪናቸውን አስረክበው፣ ከቤታቸው ጀምረው በእግራቸው መጡ። ከኪሳቸው የጣቢያችን ቆጠራ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አወጡ።

«ፍሎራን ራሴ ተሸክሜ ቀብሬያታለሁ» አሉ። «አሥራ ስምንት ድምፅ ይቀረኛል ማለት ነው። ይኼ ግን አሥራ ዘጠኝ ይላል።»

ሞራግ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አየች። እኔ ባሕሩን አየሁ።

«ድምፅ ምስጢር ነው፣ ክቡር ሚኒስትር» አልኩ።

«ነው» አሉ። «ሚኒስትርነቱ ግን ቀርቷል። ሮሪ በለኝ።»

«አልልም።»

ወረቀቱን አጥፈው፣ በአባቴ ቀብር ቀን ከረባቱ የገባበት ኪስ ከተቱት። ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

በሁለተኛው ዓመት የቀዮቹ አስፋልት መጣ። አዲሱ ሚኒስትር ሪባን ሊቆርጥ በራችን ድረስ መጥቶ፣ ለአራት ትውልድ ላልታጠፈው የጊሊሶች ታማኝነት ብሎ ንግግር አደረገ። መድረክ ላይ አስቀመጠኝ። እጄን ጨበጠኝ። ፊቴን እንደ ሣንቃ አድርጌ ተመሰገንኩ። ከሕዝቡ መሐል ደግሞ አንድ ሰማያዊ ከረባት ይታየኛል። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ እኔም አባቶቼም አለቀልን። ሰው ሞራግን ዝፈኚ አላት፤ እሷ ግጥሙ ከዛሬ ጀምሮ ውሸት ነው ብላ እምቢ አለች። ያኔ ክቡርነታቸው ተነሥተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈኑት። አጨበጨቡልን። ከረባታቸውን አቃንተው ተቀመጡ።

አምስት ዓመት ሙሉ በማይገባኝ አስፋልት ስመላለስ ኖርኩ። አሁን ግን ይበቃኛል፤ የሚዘፍን ይዝፈን፣ ቀዮቹም አርባ እርምጃቸውን ፍቀው ይውሰዱ፤ አጥሩ ክፍት ነው።

ምስጢሩ የእሳቸውም ስለሆነ ይህን ጽሑፍ ለወረዳችን ጋዜጣ ከመላኬ በፊት፣ ማክሰኞ ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ እስከዚህ ያለውን ሰጠኋቸው። መኪናቸውን ዛሬም ፍሎራ አጥር ጋ ነው የሚያቆሙት። መነጽራቸውን አድርገው በዝግታ አነበቡ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስኳሩ ሁለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ብለህ ጽፈሃል።»

«ሦስት ነው፣ ክቡር ሚኒስትር።»

አልተከራከሩኝም። እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ፣ ከረባታቸውን ፈቱት፣ ቀስ ብለው ጠቀለሉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«ለዛሬ ብቻ» አሉ፤ ሲኒያቸውንም ወደ ሞራግ ገፉላት።