የጣሪያ ጥገና ኮሚቴ፣ ጣሪያው ከተጠገነ በኋላ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ቦታ፦ የሊቀመንበሩ ቢሮ
የተገኙ አባላት፦ ሊቀመንበሩ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ የሕግ ባለሙያው፣ ጸሐፊው
በተጋባዥነት፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው
ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አባላቱ አንድም ሳይጎድል ሲገኙ በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አጀንዳ 1፦ የኮሚቴው ህልውና

ሊቀመንበሩ እንደገለጹት፣ ኮሚቴው ሦስት ዓመት ያጠናውን የመዝገብ ቤት ጣሪያ ቀዳዳ ዘበኛው ባለፈው እሑድ ማንንም ሳያስፈቅዱ በአንድ ቆርቆሮና በሰባት ምስማር ደፍነውታል። ኮሚቴው የተቋቋመበት ደብዳቤ ደግሞ «ሌላ ካልተወሰነ በቀር ፍሳሹ ሲቆም ይፈርሳል» ይላል። የንብረት ክፍል ኃላፊው «እንግዲህ እንሰነባበት» ቢሉ፣ ሊቀመንበሩ «ጉንዳን እንኳ ለነፍሷ ትሮጣለች፤ እኛ ከጉንዳን አንሰን ነው?» ሲሉ ተቆጥተዋል። የሕግ ባለሙያው ያለ ነገር ሁሉ እንዳለ ለመቆየት መጣጣሩ የተፈጥሮ ሕግ መሆኑን አስረድተው፣ አባላቱ በዚህ ስብሰባ ምክንያት ሐሙስ ከሰዓት ከቢሮ ሥራ ነፃ መሆናቸውንም አያይዘው አንስተዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ኮሚቴው እንዲቀጥል ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ቀዳዳውን ወደ ነበረበት ስለመመለስ

ኮሚቴ ያለ ቀዳዳ እንደማይኖር ስለታመነበት፣ ጣሪያው ለተጨማሪ ጥናት እንዲበሳ ሐሳብ ቀረበ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሳይፈቀድላቸው ተነስተው፣ «ሦስት ክረምት ባልዲ ስደፋ፣ ፋይል በፀሐይ ሳሰጣ የት ነበራችሁ? ትናንት ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሥራዬን ሠራሁ። ይቺን እንኳ አትንጠቁኝ!» አሉ። ጸሐፊው አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ ይህ እንዲመዘገብ ማንም አላዘዘም። ሐሳቡ በሦስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ አለፈ።

አጀንዳ 3፦ ጣሪያውን የሚበሳውን ሰው ስለመምረጥ

ጣሪያ ላይ ለመውጣት ኃላፊው ወገባቸውን፣ የሕግ ባለሙያው ልጆቻቸውን፣ ሊቀመንበሩ ማዕረጋቸውን ምክንያት አድርገው ተቆጠቡ። ስለዚህ ዘበኛው ታዘዙ። እሳቸውም «እሺ ጌቶቼ፣ ትእዛዝ ነው። ግን ሁሉንም አንድ ቀለም ስለቀባሁት ከላይ አይለይም፤ ዓይኔም ደክሟል። መዝገብ ቤቱ ይሁን ይሄ ቢሮ፣ ከተበሳ በኋላ ነው የምናውቀው» አሉ። (እኚሁ ዘበኛ አርፍዶ የሚመጣን ሠራተኛ ከመንገድ ማዶ ለይተው ያውቃሉ።) ሊቀመንበሩ ቀና ብለው ኮርኒሱን ተመለከቱ። ወንበራቸውንም ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

የመጨረሻ ውሳኔ

በሊቀመንበሩ አስቸኳይ ሐሳብ፣ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው በሙሉ እንዲሻር በአንድ ድምፅ ተወስኖ ሁሉም ፈረሙ። ጸሐፊው ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ከተሻሩት የመጀመሪያው «ኮሚቴው እንዲቀጥል» የሚለው ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው ሳይፈረም በፊት አስተውሎት ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም። የሕግ ባለሙያው ማረሚያ ለማቅረብ እጃቸውን ቢያወጡም ኮሚቴው ፈርሶ ስለነበር ዕድል የሚሰጥ ሊቀመንበር አልተገኘም።

ስብሰባው በ10 ሰዓት ከሩብ አበቃ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሦስት ክረምት ተውሰውት የቆዩትን ባልዲ ለዘበኛው መለሱ።